ቡቃያ ያየውን ብርድ ዘሩ ይወርሳልን?

ልደታ አካባቢ የሚያስተምር አንድ የባዮሎጂ መምህር ከአንድ የገብስ ዛላ የተወሰዱ ፍሬዎችን በሁለት ጣሳዎች ዘርቶ አንዱን በመስኮት አጠገብ፣ ሌላውን በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያኖር፣ ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ የማይመሳሰሉ ቡቃያዎች ያያሉ። በብርሃን ያደገው አጭርና አረንጓዴ፣ በጨለማ ያደገው ግን ረጅም፣ ቀጭንና የገረጣ ይሆናል። ገብስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ፍሬ የሚይዝ በመሆኑ የፍሬዎቹ ጂኖች አንድ ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል። ልዩነቱን ያመጣው የጂኖቹ መለወጥ ሳይሆን፣ ከእነርሱ የትኞቹ እንደሠሩና የትኞቹ እንደታገዱ ነው። የሆነ ሆኖ የገረጣው ቡቃያ ብርሃን ሲያገኝ ስለሚለመልም ይህ ብቻውን ኢፒጄኔቲክስ አይባልም።

ኢፒጄኔቲክስ የሚባለው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሳይጠፋ፣ ሕዋስ ሲከፈል የሚተላለፍ የጂን አሠራር ለውጥ ነው። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓ የበረዶውን ወራት በቡቃያነት የሚያሳልፈው ገብስ ነው። ይህ ገብስ ለሳምንታት ብርድ ካላገኘ ዛላ ለማውጣት ይዘገያል። ብርዱ ቪ.አር.ኤን. 1 የተባለውን ጂን ያነቃል፤ ይኸውም ዲ.ኤን.ኤ. በተጠመጠመባቸው፣ ሂስቶን በሚባሉት ፕሮቲኖች ላይ ያለውን ኬሚካዊ ምልክት በመለወጥ ነው። የዲ.ኤን.ኤ.ው ፊደል ግን እንደነበረ ይቀራል። ሙቀት ከተመለሰ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ብርዱን ሳያዩ ጂኑ እንደነቃ ይበቅላሉ። በኢትዮጵያ የሚዘራው ገብስ በአብዛኛው ብርድ የማይጠይቅ ስለሆነ ይህን በክፍል ውስጥ ሠርቶ ማሳየት አይመችም።

መምህሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብርድ ካየው ተክል የተገኘው ዘር ራሱ እንደ ገና ብርድ ይፈልጋል፤ ምልክቱ ዘሩ ሲፈጠር ይሰረዛልና። በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ ተቃራኒውን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዝርያዎችን የሰበሰበው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሊሴንኮን በመጀመሪያ አበረታትቶት ነበር፤ በኋላ ግን ተቃወመው። በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። በ1948 የሊሴንኮ ትምህርት የመንግሥት አቋም ሲሆን ብዙ የሥነ ውርስ ሊቃውንት ከሥራቸው ተባረሩ።

በአንጻሩ «ፈጽሞ አይወረስም» ማለትም ስሕተት ነው። ሊኔየስ በ1744 የገለጸው፣ የአበባው ቅርጽ ከተለመደው የተለየ የሊናሪያ ተክል በ1999 በእንግሊዝ አገር ሲመረመር፣ አንድ ጂኑ ፊደሉ ሳይለወጥ በሜቲል ታግዶ ተገኘ። ይህ እገዳ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን አንዳንዴ ግን ይለቃል።

ስለሆነም የጣሳዎቹ ሙከራ በቡቃያ ላይ ካበቃ ጥያቄው አልተመለሰም። ሁለቱም ብርሃን አግኝተው እስኪያፈሩ ተጠብቆ፣ ፍሬያቸው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ጎን ለጎን ሊዘራ ይገባል። ይህ ከአንድ መንፈቀ ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ዕቅድ አውጪዎች ርእሱን በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ሳይሆን፣ ከሜንዴል ሕግ በኋላ ለሁለተኛው ዘር ጊዜ በሚተርፍበት ቦታ ቢያደርጉት ይበጃል።