አጥር የሚወድቀው ከሥሩ ነው

የእንጨት አጥር ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አመድማ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ፊቱ ይሻክራል። ባለቤቱም አረጀብኝ ብሎ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መግዛት ያስባል። ገንዘቡ ያለቦታው ነው የሚወጣው። ፀሐይ የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ትሰባብራለች፣ ዝናቡ ደግሞ የተሰባበረውን ያጥባል፤ ሥራቸው ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው። ካልተቀባ የጥድ ዘር እንጨት ላይ በ100 ዓመት የሚታጠበው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አጥሩን የሚጥለው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቦታ ነው፦ ቋሚው ከአፈር የሚገናኝበት፣ ከመሬት በላይና በታች አንድ አንድ ስንዝር ያህል።

እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውኃም አየርም ይፈልጋል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድግም። ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ዝናብ ቢመታውም ቶሎ ይደርቃል፤ ጠልቆ የተቀበረው አየር ያጥረዋል፤ አፈሩ አፍ ላይ ያለው ግን ሁለቱንም አሟልቶ ያገኛል። በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ምድር ነገሩ ይብሳል። በቦርከና ወንዝ ዳርና በጨፋ ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ከቋሚው ይላቀቃል፤ በልግ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ክፍተት ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀት የሚስማማው ምስጥም የሚመጣው ከዚያው ከሥር ነው። ብርሃን ስለሚሸሽ ውስጥ ውስጡን ይቦረቡራል፤ የሚያሳብቅበት ቋሚው ላይ የሚለጥፈው ቀጭን የጭቃ መስመር ብቻ ነው። በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ጨፋ የሚወርደው ከብት ደግሞ ብዙ ነው፤ እንዲህ የተቦረቦረ ቋሚ አንድ በሬ ቢታከክበት ከሥሩ ቀንጠስ ይላል።

የተቃጠለ ዘይት ምን ሊሠራ ነው የሚል ይኖራል። ከጋራዥ በርካሽ ይገኛል፣ ከመትከል በፊት የቋሚውን እግር መቀባትም የተለመደ ነው። ጥቂት እንደሚጠቅም አይካድም፤ ውኃ ይገፋል። ነገር ግን ለፈንገስ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አይደለም፣ ወደ እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣናም አይሰርግም፤ በውስጡ ያለው ከባድ ብረት ግን አፈሩን ይበክላል፣ ለጉድጓድ ውኃም ያሰጋል። ልዩነቱን ለማየት መንገድ ዳር የቆመውን የመብራት እንጨት መመልከት ይበቃል። እሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ ዓመት የሚቆመው ከደረቀ በኋላ መድኃኒቱ በኃይለኛ ግፊት ወደ ውስጡ ስለሚገባ ነው። ለግቢ አጥር ያን ያህል ወጪ ባይታሰብም ቅደም ተከተሉን መውሰድ ይቻላል፦ ልጡን መላጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ጥላ ሥር ማድረቅ፣ መድኃኒት የሚገኝ ከሆነም ከደረቀ በኋላ መንከር። እግሩን በእሳት መለብለብም የቆየ ዘዴ ነው፤ ከሰሉ ራሱ አይበሰብስም፣ ሲሰነጠቅ ግን ያልተነካውን እንጨት ያጋልጠዋል። ሲሚንቶስ? እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ ሲሚንቶውም እንደ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሥሩ ጠጠር ይደረግ፣ የሲሚንቶው አናት ውኃ እንዲያፈስ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ከዚህ ሁሉ ድካም ቅንጭብ መትከል አይሻልም ወይ? ለእርሻ ዳርቻ ይሻላል፤ ምስጥ አይፈታውም፣ ከብትም አይበላውም። ለጠባብ የከተማ ግቢ ግን ቦታ ይወስዳል፣ ወተቱም ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤት አይመከርም። የሐበሻ ጥድና የወይራ ውስጠኛ እንጨት ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከፈረሰ አሮጌ ቤት ካልተገኘ በቀር ለአጥር ተብሎ እነዚህን ዛፎች መቁረጥ ትርፉ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ በግንቦት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በየቋሚው ዙሪያ ያለውን አፈር አንድ ስንዝር ያህል ጫሩና ወፍራም ሚስማር ውጉበት። ሚስማሩ ሳይቸገር ከገባ ያ ቋሚ አልቋል፤ እሱን ብቻ ቀይሩ። ያልገባበትን እንዳለ ተዉት፣ በሥሩ የተከመረ አፈርና ጥራጊ ካለም አንሱለት። ቀለሙን ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ቀቡት።