ቡአ ያለበትን ሕመምተኛ በጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ስለ መላክ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ አባባል ከሚስማማቸው በሽታዎች አንዱ ቡአ ነው፤ ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል። ሰውየው በብሽሽቱ ያለው እብጠት ማታ ሲተኛ ስለሚጠፋለት የዳነ ይመስለዋል፤ በማግሥቱ ሸክም ሲያነሣ ግን ተመልሶ ይወጣል። ስለሚያፍርበትም ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ፣ ለማንም ሳይናገር ብዙ ዘመን ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ሕመሙ ሳይጸናበት ወደ ሐኪም መላክ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን።

አንጀታችን በቦታው ተወስኖ የሚኖረው የሆድ ግድግዳ ስለሚይዘው ነው። ይህ ግድግዳ በብሽሽት ወይም በእንብርት አጠገብ የሳሳ እንደ ሆነ፣ በምናስልበት፣ በምናምጥበትና ከባድ ነገር በምናነሣበት ጊዜ አንጀት ሾልኮ ከቆዳ በታች ይወጣል። የብሽሽት ቡአ በወንዶች ላይ ይበዛል። በሴቶች ከጭን ሥር የሚወጣው ደግሞ ትንሽ ቢመስልም ቶሎ የመታነቅ ጠባይ አለው። በሕፃናት እንብርት ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ በራሱ ይዘጋል፤ በብሽሽታቸው የሚወጣው ግን በራሱ ይዘጋል ተብሎ አይጠበቅምና ሳይዘገይ ለሐኪም መታየት አለበት።

የተቀደደ ጆንያ እህሉን ወደ ውስጥ በመግፋት ብቻ አይድንም፤ መሰፋት አለበት። ቡአም እንደዚሁ በመታሸት፣ በቅጠል ወይም በመቀነት አይድንም። ኢጣሊያዊው ሐኪም ኤዶአርዶ ባሲኒ የሳሳውን ግድግዳ አጠንክሮ የመስፋትን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በጽሑፍ ገልጾ ነበር። ዛሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳሳው ስፍራ ላይ ሰው ሠራሽ መረብ ይሰፋበታል። በጊዜ የመጣ ሕመምተኛ ስፍራው ብቻ ደንዝዞለት ሊሠራለት ይችላል፤ ብዙውም በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የማያሳምም ትንሽ ቡአ ያለበትን አዋቂ ሐኪሙ እየተከታተለ ሊያቆየው ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚወስነው መርምሮ ያየው ሐኪም ነው።

አደጋው የወጣው አንጀት መመለሻ ያጣ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ እብጠቱ ይጠጥራል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ ሰውየው ያስመልሰዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ዓይነ ምድርም ይከለከላል። ደም ወደ አንጀቱ መድረስ ስለሚያቅተው አንጀቱ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቀላል የነበረው ሥራ አንጀት ወደ መቁረጥ ይደርሳል፤ ሕይወትም ያልፋል። ስለዚህ እስኪነጋ አይጠበቅም። እብጠቱን በግድ መግፋት፣ ማሸት፣ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ምግብና መጠጥም ሳይሰጠው በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አደጋው ሳይደርስ ግን መንገዱ ቀላል ነው። ሕመምተኛው በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ከተመረመረ በኋላ፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚደረግበት ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት ይጻፍለታል። መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ወገኖቻችን ሁሉ በዚህ ልትረዱት ትችላላችሁ። እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሲተኛ ይመለስ እንደ ሆነ፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት ወይም የሽንት መከልከል እንዳለበት፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉለት። ወረቀቱን ማንበብ ለማይችለው ሰው የሚሄድበትን ሆስፒታልና ቀኑን አስረዱት፤ የሚሸኘውም ዘመድ እንዳይታጣ አድርጉ። ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ከቤቱ የሚቀር ሕመምተኛ እንዳልተላከ ይቈጠራልና፣ መሄዱን ደግማችሁ ጠይቁ።

ቡአ ነውር አይደለም። በቀን ብርሃን በእግሩ ሄዶ ሊታከም የሚችለውን ሰው፣ በሌሊት በቃሬዛ ከመሸከም እንዲያድነን ዛሬውኑ እንምከረው።