የአደን ጠመንጃና የድምፅ ማፈኛው፤ በአንድ ሣጥን የሚጓዙ ሁለት ዕቃዎች

ለአደን የሚያገለግለውን ረዥም ጠመንጃ ከአገር ወደ አገር ማጓጓዝ ከጥንት ጀምሮ ልማድና ሥርዓት የወጣለት ሥራ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን በብዙ አገሮች ያሉ አዳኞች በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ የድምፅ ማፈኛ፣ በተለምዶ ሳይለንሰር የሚባለውን፣ መግጠም ስላዘወተሩ ሥራው ተጨማሪ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ሆኖአል። ጠመንጃውና ማፈኛው በዓይን ሲታዩ አንድ ዕቃ ይመስላሉ፤ በአጓጓዡ መለኪያ፣ በጉምሩክ መዝገብና በሕግ ፊት ግን ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ይኸንን ልዩነት ሳያስተውል ሁለቱን በአንድ ስም አስመዝግቦ የሚልክ ነጋዴ ዕቃው በመንገድ ሊያዝበት፣ ደንበኛውም የከፈለበት የአደን ወራት ሊያልፍበት ይችላል። ከዚህም አልፎ ነገሩ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

የመሣሪያው ጠባይ

የድምፅ ማፈኛ ለገበያ የበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካገኘበት በኋላ ነው። መሣሪያው በውስጡ በክፍልፋዮች የተከፋፈለ ባዶ ቱቦ ሲሆን፣ ከጥይቱ በስተኋላ የሚወጣው የጋለ ጢስ በየክፍሉ እየተስፋፋና እየቀዘቀዘ እንዲወጣ ያደርጋል። ስሙ እንደሚያሳስበው ግን ድምፁን ፈጽሞ አያጠፋም። የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ድምፁ 160 ዴሲቤል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ማፈኛው የሚቀንሰው በአብዛኛው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ነው። ጥይቱ ራሱ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለት በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ሲበር የሚያሰማው ፍንዳታም በማፈኛው አይቀርም። ስለዚህ የዕቃው ዋና ጥቅም የአዳኙንና የመሪውን ጆሮ ከጉዳት መጠበቅና የጠመንጃውን ርግጫ ማለዘብ ነው። ይኸንን ማወቅ ዕቃውን በሰነድ ላይ በትክክል ለመግለጽም ሆነ የጉምሩክ ሹም ሲጠይቅ በቅን ለመመለስ ይረዳል።

የርዝመቱ ሒሳብ

የተለመደው የአደን ጠመንጃ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ከ100 እስከ 115 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ማፈኛው በላዩ ሲጨመር ርዝመቱ በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ብዙ የአየር መንገዶች የመንገደኛ ጓዝ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናሉ። እንግዲህ ለምሳሌ ርዝመቱ 115፣ ስፋቱ 28፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ድምሩ 155 ስለሚሆን ከወሰኑ በታች ይሆናል። ማፈኛው እንደተገጠመ እንዲገባ ርዝመቱ ወደ 133 ቢያድግ ግን ድምሩ 173 ይሆንና ተጨማሪ ኪራይ ያስከፍላል። የጠመንጃ ሣጥን የሚሸጥ ባለ ሱቅም ደንበኛው ማፈኛውን ለይቶ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ያለውን ሣጥን እንዲመርጥ ቢመክረው ገንዘቡን ያተርፍለታል።

ስለ አስተሻሸጉ

ማፈኛውን ፈትቶ ለብቻው ማሸግ የሚገባው ለኪራዩ ብቻ አይደለም። ሣጥኑ በሚወድቅበት ወይም ሌላ ጭነት በሚጫነው ጊዜ፣ ከአፈሙዙ ፊት የተንጠለጠለው ቱቦ እንደ ማንሻ ሆኖ ኃይሉን ሁሉ በጥቂቱ ጥርስ ላይ ያሳርፋል። ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ከበርሜሉ ጋር ቀጥ ብሎ አይገጥምም፤ ጥይቱም በሚወጣበት ጊዜ የውስጡን ክፍልፋይ መትቶ መሣሪያውን ያበላሸዋል፤ በአጠገቡ ያለውንም ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት እርጥበት ነው። ከተኩስ በኋላ በቱቦው ውስጥ ውሃና ጥላሸት ይቀራል፤ ማፈኛው ሳይፈታ ጠመንጃው ቢቀመጥ ይኸው እርጥበት ወደ በርሜሉ ወርዶ ያዝገዋል። ስለዚህ ማፈኛው ከቀዘቀዘ በኋላ ተፈትቶ ይደረቃል፤ በጨርቅም ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በአፈሙዙ ጥርስ ላይ ደግሞ የራሱ መከደኛ ይጠመዘዛል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ማፈኛው እንደገና ሲገጠም ጥይቱ የሚያርፍበት ነጥብ ሊዛወር ስለሚችል፣ አዳኙ ወደ ዱር ከመግባቱ በፊት ዒላማ ተኩሶ መነጽሩን ማስተካከል ይኖርበታል።

ስለ ሕጉ

አንድ ሣጥን በሁለት ሕግ የሚገዛ ስለመሆኑ የዩናይትድ ስቴትስ ሥርዓት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ከማርች 9 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተራው የአደን ጠመንጃ የውጭ ንግድ ፈቃድ በንግድ ሚኒስቴር ሥልጣን ሥር ሆኖአል። የድምፅ ማፈኛው ግን በጦር መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስለቀረ ፈቃዱን የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ይህ ሚኒስቴር ማፈኛ ለግል ሰዎች ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲያግድ የኖረውን መመሪያ በጁላይ 2020 ሰርዞአል፤ ሆኖም የፈቃዱ ግዴታ አልተነሣም። አሜሪካዊው አዳኝ ጠመንጃውን ከመነሣቱ በፊት በጉምሩክ ፎርም 4457 አስመዝግቦ ይጓዛል፤ ይህ ወረቀት ግን ለማፈኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ፈቃድ አይተካም። እዚያው በአገር ውስጥም ማፈኛው ከ1934 ጀምሮ በልዩ ሕግ የሚመዘገብ ነው። በሕጉ ተወስኖ የነበረው 200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማፈኛ ወደ ዜሮ ወርዶአል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። የግብሩን መቅረት የፈቃዱ መቅረት አድርጎ የሚቈጥር ሰው ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

በሌላ በኩል በደቡብ አፍሪካ አዳኞች በማፈኛ በሰፊው ይጠቀማሉ። አንዱ አገር እንደ ተራ የአደን ዕቃ የሚያየውን ሌላው እንደ ጦር መሣሪያ ይቈጥረዋል፤ አውሮፕላኑ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያርፍበት አገርም የራሱን ሕግ ሊያስከብር ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱ ከመነሻው፣ ከመተላለፊያውና ከመድረሻው፣ ከሦስቱም መጠየቅ አለበት። በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። ለደጋ አጋዘን ወይም ለሌላ አደን የሚመጡ እንግዶችን የሚያስተናግድ ድርጅት ለጠመንጃው ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ማፈኛውን በስሙ ጠቅሶ ለብቻው መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። ያልተጠቀሰ ዕቃ እንደተፈቀደ ሊቈጠር አይችልም።

ስለ ጥይትና ስለ ሰነድ

በዓለም አቀፉ የአየር ማጓጓዣ ደንብ መሠረት መንገደኛ ሊይዝ የሚፈቀድለት ጥይት ከነማሸጊያው እስከ 5 ኪሎ ግራም ነው። ይኸውም በተባበሩት መንግሥታት ቍጥር 0012 ወይም 0014 የተመደበና ለራሱ መገልገያ የሚሆን መሆን አለበት። የሁለት ሰዎች ድርሻ በአንድ ጥቅል ሊጠቃለል አይፈቀድም። አንድ የ.30-06 ጥይት 26 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 100 ጥይት ከ2 ኪሎ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ይህም አየር መንገዱ ፈቃዱን ሲሰጥ ነው። ጠመንጃው ባዶውን፣ በተቈለፈ ጠንካራ ሣጥን ሆኖ በአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል ይገባል። ማፈኛውም የመሣሪያ ክፍል ስለሆነ ከመንገደኛው ጋር በእጅ ሊያዝ አይገባውም።

በንግድ ጭነት ለሚላክ ዕቃ የሚዘጋጀው ሰነድ የሚከተለውን ቢያሟላ መልካም ነው፤

1ኛ፤ ጠመንጃውና ማፈኛው በዋጋ ዝርዝሩ ላይ በየራሳቸው መስመር ይጻፉ፤ ለየብቻቸውም ዋጋ ይሰጣቸው።

2ኛ፤ በጉምሩክ ታሪፍ የአደን ጠመንጃ በ9303.30 ሲመደብ፣ የመሣሪያ ክፍሎችና ተጨማሪዎች በ9305 ሥር ስለሚገኙ፣ ምደባው አስቀድሞ ከጉምሩክ ጋር ይረጋገጥ።

3ኛ፤ የጠመንጃው መለያ ቍጥር፣ ማፈኛውም ቍጥር ካለው የርሱ ቍጥር፣ በፈቃዱና በዕቃው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ በዓይን ታይቶ ይመሳከር። አንዲት የተሳሳተች ፊደል ሣጥኑን ለማስቀረት ትበቃለች።

4ኛ፤ ዕቃው ለጊዜው የሚገባ ከሆነ ተመልሶ የሚወጣበት ቀን ይታወቅ፤ የመግቢያው ወረቀትም እስከ መውጫው ድረስ ይጠበቅ።

አንዳንድ ጊዜ የሚሻለው ማፈኛውን አለመውሰድ ነው። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር አስተናጋጁ የራሱ ማፈኛ ካለው፣ አዳኙ ጠመንጃውን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ግን ጥርሱ መግጠም አለበት። በአሜሪካ ጠመንጃዎች ላይ 5/8 በ24 የተባለው የኢንች ጥርስ የተለመደ ሲሆን፣ በአውሮፓዎቹ ላይ የሚገኙት በሚሊሜትር የሚለኩት 14 በ1፣ 15 በ1 ወይም 18 በ1 ናቸው። የማፈኛው ቀዳዳም ለጥይቱ ውፍረት የሚበቃ መሆን ይኖርበታል። ይኸንን አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ሳይጠይቁ መቅረት ግን የአንድ ወራት አደን ሊያሳጣ ይችላል። በውሉም ላይ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ቢያዝ የማቈያውን ኪራይና የመመለሻውን ወጪ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በግልጽ ቢጻፍ፣ ሻጭና ገዥ፣ አስተናጋጅና እንግዳ ሳይካሰሱ ሥራቸውን ለመፈጸም ይችላሉ።