የውሃው ጥርስና የስኳሩ ጥርስ

በአዳማ፥ በወንጂ፥ በመቂ፥ በባቱና በመተሐራ የሚኖር ሰው ቡናማ ጥርስ ሲያይ አይደነቅም፤ «የውሃው ነው» ብሎ ያልፋል። አባባሉ ከንቱ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን በብዛት ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፥ በወንጂ አካባቢ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች መካከል ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለውን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ዥንጕርጕር ወይም ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ለብዙ ዓመታት የጠጣውም አንገቱና ወገቡ አልታጠፍ እስኪለው ድረስ አጥንቱ ሊጐዳ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ የታወቀ ነገር ሌላ በሽታን ሸፍኖ ይኖራል። የሁለት ዓመት ሕፃን የላይ የፊት ጥርሶቹ ሲጠቍሩ እናትም ጎረቤትም «የውሃው ነው፤ ደግሞም የወተት ጥርስ ነው፥ ይወልቃል» ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያሉት ሁለቱም አሳቦች ሕፃኑን ይጐዱታል።

ፍሎራይድ በጥርስ ላይ ምልክት የሚያኖረው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ነው። የወተት የፊት ጥርሶች ግን አብዛኛው ክፍላቸው የሚሠራው ሕፃኑ በማኅፀን ሳለና ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። እናቲቱ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ በጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሃው በወተት ጥርስ ላይ ምልክት ቢያሳይም፥ ብዙውን ጊዜ በቋሚው ላይ እንደሚታየው አይከብድም። የሁለት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱ ከጠቈረና ከተሸረፈ አስቀድሞ መጠርጠር የሚገባው መበስበስ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሐኪም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሕፃኑን ብርሃን ወዳለበት አዙሮ የላይ ከንፈሩን በጣት ማንሣት ይበቃል። የውሃው ምልክት ጥርሱ ብቅ ሲል ጀምሮ ያለ ነው፤ በግራና በቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ በተመሳሳይ ስፍራ ይታያል፥ በጣም ካልጠናም ጥርሱ ጠንካራና ለስላሳ ነው። መበስበስ ግን ንጹሕ ሆኖ በበቀለው ጥርስ ላይ ኋላ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ በድዱ ጥግ እንደ ጠመኔ የነጣ፥ ብርሃን የማያንጸባርቅ መሥመር ይታያል። ቀጥሎ መሥመሩ ይቢጫል፥ ይቦረቦራል፥ በመጨረሻም ጥርሱ ጕቶ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስታውቀው ግን ይህ ነው፤ አራቱ የላይ የፊት ጥርሶች ሲበላሹ የታችኞቹ ደኅና ሆነው ይቈያሉ። ሕፃን ሲጠባ ምላሱ የታችኞቹን ይሸፍናቸዋል፥ ምራቅም ያጥባቸዋል።

የመበስበሱ ምክንያት በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛውን ክላርክ የተባለ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ለንደን ላይ ለይቶ ገልጾታል። ጀርሞቹ ስኳር ባገኙ ቍጥር አሲድ ያወጣሉ፥ አሲዱም የጥርሱን ነጭ ልባስ ያሟሟል። ቀን ቀን ምራቅ አሲዱን እያጠበ ጥርሱን ይጠግነዋል። ሌሊት ግን ምራቅ ይቀንሳል። ስለዚህ በጡጦ ስኳር የገባበት ሻይ ወይም የጣፈጠ አጥሚት ይዞ የሚተኛ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን በአሲድ ዘፍዝፎ ያድራል ማለት ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተሠርቶ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር ይህ 1954 ነው። በዚያው ዓመት በስዊድን አገር ከሉንድ ከተማ ስለ ስኳርና ስለ ጥርስ የተደረገ ሰፊ ምርመራ ውጤት ታተመ። (ምርመራው የተደረገው ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ የአእምሮ ሕሙማን ላይ ስለ ነበር ዛሬ በነውር ይነሣል።) የተገኘው ትምህርት ግን እስካሁን አልተሻረም፤ ጥርስን ይበልጥ የሚያበሰብሰው በቀን ውስጥ የተበላው የስኳር ብዛት ሳይሆን፥ በምግብ መካከል ደጋግሞ መብላቱና ጣፋጩ በጥርስ ላይ ተጣብቆ መቈየቱ ነው። ከምሳ ጋራ አንድ ጊዜ ከሚበላ ጣፋጭ ይልቅ ሕፃኑን ዝም ለማሰኘት በየሰዓቱ የሚሰጥ ብስኩትና ከረሜላ ይከፋል።

በዚህ ስፍራ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ውሃችን ፍሎራይድ ከበዛበት፥ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ለልጅ መስጠት በጕዳት ላይ ጕዳት መጨመር አይደለምን?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው፥ በቍጥርም ሊመለስ ይችላል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚበቃው የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ናት። በዚያች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከአንድ ሚሊግራም ዐሥረኛው እጅ ያህል ነው። 10 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ግን በአንድ ብርጭቆ ብቻ ከ2 ሚሊግራም በላይ ያስገባል። እንግዲህ መለወጥ የሚገባው ውሃው ነው እንጂ ሳሙናው አይደለም። የጕድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ቤት ለሕፃኑ መጠጫና ለአጥሚቱ ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ መለየት ይሻላል። የዝናቡን ግን ማፍላት ያሻል። የጕድጓዱን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወጣም፤ ውሃው በተነነ መጠን ያከረዋል እንጂ።

ጥርስ ማጽዳት የሚጀመረው በስድስት ወር ገደማ የመጀመሪያዪቱ ጥርስ ብቅ ስትል ነው። የሚያጸዳለትም ወላጁ ነው፤ ልጅ ራሱ በደንብ መፋቅ የሚችለው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነውና። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይሆናል፥ ልጁም እንዲተፋው ይለመዳል። የወይራ መፋቂያ ለአዋቂ መልካም ነው፤ ለሕፃን ድድ ግን ለስላሳ ብሩሽ ይገባል። ጡት ማጥባት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፤ እኛ የምንከለክለው የሌሊቱን ጣፋጭ ጡጦ ነው።

«ይወልቃል» የሚለውም ቢሆን ነገሩን አያቀለውም። የፊተኞቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ቢወልቁም የወተት መንጋጋዎች እስከ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ። ያለ ጊዜያቸው ከወለቁ ጎረቤቶቻቸው ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማሉ፥ ቋሚውም መውጫ ያጣል። ሥሩ መግል የቋጠረ የወተት ጥርስ ከበታቹ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። የታመመው ልጅ ማኘክ ስለሚፈራ ምግብ ይቀንሳል፥ ሌሊትም እንቅልፍ ያጣል።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚከፋው፥ ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ሲይዘው «የወተት ጥርሱ ነው» ብሎ ለአዋቂ ሰጥቶ ድዱን በስለት ማስፈልፈል ነው። የሚወጣው ትል የሚመስለው ነገር ገና ያልጠነከረው የራሱ የክራንቻ ጥርስ ነው። ተቅማጡ በዚህ አይቆምም፤ ደም መፍሰስና ቴታኖስ ግን ሊከተሉ ይችላሉ።

ነጩ መሥመር በታየበት ጊዜ ነገሩ ገና አልመሸም። የሌሊቱን ጣፋጭ በማስቀረት፥ በማጽዳትና በጥርስ ክፍል የፍሎራይድ ቅብ በማስቀባት ልባሱ ሊጠነክር ይችላል። ከተቦረቦረም ያለ መሰርሰሪያ፥ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ የሚሞላበት ዘዴ አለ። መበስበሱን የሚያቆም ብር ያለበት የፍሎራይድ ፈሳሽም በ2021 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል። ይህ ፈሳሽ የበሰበሰውን ስፍራ ለዘለቄታው ያጠቍረዋል፤ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካልሰማ በኋላ «ጥርሱን አበላሹት» ብሎ ይቈጣል፥ አይፈረድበትምም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ልጆቹን ሲመዘግቡ ከንፈር አንሥተው ቢመለከቱ፥ የዕረፍት ጊዜውንም ብስኩት በዳቦ ወይም በቆሎ ቢለውጡ ከእኛ ክፍል ይልቅ ብዙ ሕፃናትን ይደርሳሉ። ጕንጩ ያበጠና ትኵሳት ያለው ልጅ ካዩ ግን ወላጁን አስጠርተው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይላኩት።