«ጫማው ጠቦታል»

ወላጆች ሲለያዩ ልጁን የሚያሳድገው አንዱ፣ ቀለብ የሚቆርጠው ሌላው ነው። ካናዳ ውስጥ መጠኑን በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች ቁጠሩልኝ) የወጣው የፌዴራል ሠንጠረዥ ይነግራችኋል፤ የከፋዩን ዓመታዊ ገቢ፣ የልጆቹን ቁጥርና ክፍለ ግዛቱን ይዞ ማየት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ማንም ሳይጠይቀው ያለፈው ጊዜ ቀለብ ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ ቡና በተፈላ ቁጥር «ያልከሰስሽበትን ጊዜ ውሃ በልቶታል» ሲባል እሰማለሁ። ማን እንደፈረደው እንጃ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ከአልበርታ የመጡ አራት መዝገቦችን አንድ ላይ አይቶ፣ ዲ.ቢ.ኤስ. እና ኤስ.አር.ጂ. በሚባለው ውሳኔ፣ ለዳኞች አራት መመዘኛ ሰጥቷቸዋል። ጠያቂዋ ለምን ዘገየች? ከፋዩ ምን ሲያደርግ ከረመ? ልጁ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የኋላውን መክፈሉስ ከፋዩን ምን ያህል ይጎዳዋል?

እሺ፣ ይከፈል ከተባለ ከመቼ ጀምሮ? እዚህ ላይ ነው ሕጉን የምወድደው። ሒሳቡ እንደ ደንቡ የሚነሣው «ቀለብ ያስፈልጋል» ወይም «ይጨመር» የሚለው ነገር ለከፋዩ ከተነገረበት ቀን ነው። ጠበቃ አይጠይቅም፣ ማኅተም አይጠይቅም። አንዲት ጎረቤቴ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን አውጥታ አንድ የቫይበር መልእክት አሳየችኝ፦ «ጫማው ጠቦታል። የምትልከው አይበቃም፣ ጨምር።» ቀኑ ከነሰዓቱ አለ። «ስልኩን ልጥለው ነበር እኮ» አለችኝ። ልትጥለው! እባካችሁ፣ ስልክ ስትቀይሩ መልእክቱን አስቀሩት።

ተናግሮ መተኛት ግን አያዋጣም። ፍርድ ቤቱ በልማዱ መደበኛ ጥያቄ ከቀረበበት ቀን ከሦስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ አይሄድም። ከፋዩ ካጠፋ ገደቡ ይላላል፤ ደመወዙ አድጎ የደበቀ ወይም የጠየቀችውን ያስፈራራ ሰው ሒሳቡ ገቢው እስከጨመረበት ቀን ድረስ ሊሳብበት ይችላል።

«ለልደቱ ብስክሌት ገዝቼለታለሁ» የምትሉ አባቶች፣ ብስክሌት ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። «ተይለት፣ ይቅር በይው» የምትሉ ሽማግሌዎችም ብትሆኑ፣ ቀለቡ የልጁ ነው፤ እናት የራሷን ቂም ትተው ይሆናል እንጂ የልጇን መብት መርቃ አትሰጥም።

ደግሞ «አሥራ ስምንት ከሞላ አለቀ» የሚል አለ። በ2020 በታተመ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጉዳይ ቀለቡ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ አባት ግን ገቢውን አሳንሶ ተናግሯል። እናት በ2015 ስታመለክት ልጅቷ ሃያ ዓመት አልፏታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2001 እስከ 2012 ላለው ጊዜ 23,000 ዶላር ይከፈል የተባለውን መልሶ አጸና።