መጀመሪያ የሚገዛው ፓወር ሰፕላዩ ነው

ኮምፒውተር በራሱ እጅ ሊገጣጥም የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው። ከሚሴ ላለ ሰው ግን ጥያቄው ከግድግዳው ሶኬት መጀመር አለበት። መብራት ሄዶ በሚመጣበት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት፣ የተቃጠለ ዕቃ ለመቀየርም ኮምቦልቻ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ በሚልበት ከተማ፣ ትንሹን በጀት የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ማንም የማያወራለት ፓወር ሰፕላይ ነው።

ከሶኬቱ የሚመጣው 220 ቮልት ኤሲ ነው። ማዘርቦርዱና ሌሎቹ ክፍሎች የሚሠሩት በ12፣ በ5 እና በ3.3 ቮልት ዲሲ ነው። ይህን የሚለውጠው ፓወር ሰፕላዩ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና የወፍጮ ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቮልቴጁም እንደ ክረምት የቦርከና ደራሽ ሳይታሰብ ይዋዥቃል። ደህና ፓወር ሰፕላይ አደጋ ሲያይ ራሱን ይዘጋል። ርካሹ ራሱ ተቃጥሎ አያበቃም፤ ማዘርቦርዱን፣ አንዳንዴም ፋይሉን የያዘውን ዲስክ ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ደህናውን በምን እንለየው? በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። በጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ያንብቡና ከ12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔር በ12 ያባዙ። «500 ዋት» የተባለው ዕቃ በ12 ቮልት 20 አምፔር ብቻ ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ በዋናነት ለሚፈልገው መስመር የሚሰጠው 240 ዋት ነው። 36 አምፔር የጻፈ ባለ 450 ዋት ግን 432 ዋት ይሰጣል፤ ቁጥሩ ቢያንስም የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ምልክት የሚቀበለው ቮልቴጅ ነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካገኙ እሱን ይያዙ፤ ማታ ማታ መስመሩ ሲዳከምም መሥራቱን አያቆምም። በጀርባው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት 230 ላይ መሆኑን ይዩ፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ከ400 ዋት በታች ነው፤ ግን ለቤት ኮምፒውተርና ለአንድ ስክሪን ይበቃል። የቮልቴጅ ማስተካከያ ያለውን ቢመርጡ ለብቻው ስታቢላይዘር ከመግዛት ይድናሉ። ሌዘር ፕሪንተር ግን አይሰኩበት፤ የሚያሞቀው ክፍሉ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ይጥለዋል። ባትሪው ደግሞ ሙቀት ይጎዳዋል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር ሳይሆን ቤቱ ውስጥ በሚቀዘቅዝ ጥግ ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። በጀት ሲጠብ ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው ይቅር፤ በውስጡ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ይበቃል። ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር አለው፤ ኮር አይ3 12100 ደግሞ አራት። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ብዙ ገንዘብ ታስከፍላለች፤ 12100ኤፍ የተባለው ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ግን ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልተጨመረለት ስክሪኑ ባዶ ነው። ከሚሴ ውስጥ ደብዳቤ በአማርኛም በኦሮምኛም ለሚጽፍ፣ ፎቶ ለሚያትም፣ ለሚማር ሰው እነዚህ ከበቂ በላይ ናቸው።

ራም ሲገዙ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከሚያስገቡ ሁለት ባለ 8 ያስገቡ፤ ግራፊክሱ የሚሠራው በራሙ ስለሆነ ፍጥነቱ በግልጽ ይለያል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይለዋወጡም፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን ቀድመው ይጠይቁ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 500 ጊጋ ይበቃል።

ሙቀቱን አቅልለው አይዩት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ከሚሴ ግን ከ1,500 ሜትር በታች ናት፤ ደሴ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ማሽን እዚህ ሲሞቅበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ባለ መብራት ኬዝ ይቅርብዎ፤ ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ያለውን፣ አቧራ የሚይዝ ወንፊቱ ወጥቶ የሚታጠበውን ይምረጡ። ወለል ላይም አያስቀምጡት።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ እነዚህ ዕቃዎች በሙሉ ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ዋጋቸው አብሮ ወጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ይገዛል። ክፉ ምርጫ አይደለም፤ ኤስኤስዲና ራም ቢጨመርበት በደንብ ያገለግላል። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም የራሳቸው ቅርጽና መሰኪያ ያለው ነው፤ ሲበላሽ በቅርብ ሱቅ አይገኝም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለዋናዎቹ ክፍሎች ገንዘቡ ከበቃ አዲስ ይገጣጥሙ፤ ካልበቃ ባለ 8ኛ ትውልዱን ገዝተው የተረፈውን ዩፒኤስ ላይ ያውሉ።

መርካቶ ከገዙ ሱቁ ውስጥ አስገጥመው፣ አብርተው፣ ራሙና ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መቆጠራቸውን በዓይንዎ አይተው፣ የዋስትና ደረሰኝ ተቀብለው ይውጡ። ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ኬዙን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አያስጭኑ፤ ማዘርቦርዱ ከታች እንዲሆን በጎኑ አስተኝተው ከጎንዎ ይያዙት።