ሥራ ፍለጋ ሲራዘም የሚመጣ ዝለት

ባሕር ዳር፦ በየከተማው የሥራ ማስታወቂያ በሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች ፊት ጠዋት ጠዋት የሚቆሙ ወጣቶች አሉ። በእጃቸው በፕላስቲክ ማኅደር የተያዘ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ አለ። በመጀመሪያው ወር ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ የማይመለከታቸውን ሳይቀር በደብተራቸው ይመዘግባሉ። በስድስተኛው ወር ዐይናቸው “የሥራ ልምድ” በሚለው መስመር ላይ ብቻ ያርፋል። ዓመት ሲሞላ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ወደ ሰሌዳው መምጣታቸውን ያቆማሉ። ሥራ አግኝተው የቀሩ አሉ፤ ምንም ሳያገኙ የቀሩም አሉ።

ሁለተኛዎቹ በቤታቸው የሚሰጣቸው ስም ብዙውን ጊዜ “ሰነፍ” የሚል ነው። ልጁን ለማስተማር በሬ የሸጠ አርሶ አደር ወይም በጉልት ንግድ የዩኒቨርሲቲ ወጪ የሸፈነች እናት፣ የተመረቀው ልጅ እስከ ረፋድ ተኝቶ ሲያዩት ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ይሁንና በሥራ አጥነት ላይ ከ90 ዓመታት በላይ ሲካሄዱ የቆዩ ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ከረጅም ፍለጋ በኋላ የሚመጣው መቀዝቀዝ በአብዛኛው ከድካም የሚወለድ ነው። ድካምና ስንፍና ደግሞ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ሰነፍ የተባለን ሰው ግፊት ያነሣው ይሆናል፤ የዛለውን ግን ግፊት ይጥለዋል።

በሥራ ምክንያት የሚመጣ የአካልና የመንፈስ ዝለት በእንግሊዝኛው አጠራር “በርንአውት” ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ በ1974 ወደ ሥነ ልቦና ጽሑፎች ያስገባው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2019 ሦስት ምልክቶች ያሉት ክስተት መሆኑን አስታውቋል። እነርሱም አቅምን የሚያሟጥጥ ድካም፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን በጥርጣሬና በምሬት መመልከት፣ እንዲሁም “ምንም የሚሳካልኝ ነገር የለም” የሚል ስሜት ናቸው። ድርጅቱ ዝለቱን በራሱ በሽታ አላለውም፤ ቃሉም ለሥራ ቦታ ብቻ እንዲያገለግል ወስኗል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ሥራ የሌለው ሰው ከሥራ የሚመጣ ዝለት ሊኖርበት አይችልም ማለት ነው።

ነገር ግን ሥራ ፍለጋ ራሱ ሥራ መሆኑን ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ያውም ደመወዝ የሌለው፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያልተቆረጠለት፣ አለቃው የማይታወቅ ሥራ። ገበሬ ማሳውን አርሶ ሲጨርስ የሠራውን ዞር ብሎ ያያል። ሥራ ፈላጊ ግን ሃያ ማመልከቻ አስገብቶ ወደ ኋላ ቢመለከት የሚታይ ነገር የለም። ከሃያው ለአሥራ ስምንቱ መልስ ላይመጣ ይችላል። “አልተመረጥክም” የሚል ደብዳቤ እንኳ ቢደርስ አንድ ነገር ነበር፤ ዝምታው ግን ፍለጋው በምን እንደ ተበላሸ ስለማይናገር ፈላጊው ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ያዞራል።

በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ጥናት የተካሄደው በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙም በማትርቅ ማሪየንታል በተባለች መንደር ነው። የመንደሯ ነዋሪዎች የሚተዳደሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ እና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የመንደሯን ሕይወት አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ በ1933 አሳተሙ። ያገኙት ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ሰዎቹ የፈለጉትን ያህል ትርፍ ጊዜ ቢኖራቸውም ከመንደሯ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ቀርፋፋ ሆነ፤ ደጋግመውም ይቆማሉ። ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉ ሲጠየቁ ከመኝታ መነሣት፣ ምሳ መብላትና መልሶ መተኛት በቀር እምብዛም የሚያስታውሱት አልነበራቸውም። ሴቶቹ በአንጻሩ ምግብ ማብሰሉ፣ ማጠቡና ልጆች መንከባከቡ ስላልቀረላቸው ቀናቸው ቅርጹን አላጣም፤ እርምጃቸውም ከወንዶቹ የፈጠነ ነበር።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ይህንን ስታብራራ ሥራ ከገንዘቡ ሌላ የማይታዩ ነገሮችን እንደሚሰጥ ጽፋለች። ቀንን ይከፋፍላል፤ ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኛል፤ ከራስ በላይ ለሆነ ዓላማ ያሠማራል፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ ስምና ቦታ ያስገኛል፤ እጅንና አእምሮንም ያሠራል። ሥራ ያጣ ሰው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም አብሮ ያጣል። በዝለት ላይ የሚሰጠው ምክር ሁሉ መነሻው ከዚህ ነው፤ ሥራው እስኪገኝ ከአምስቱ ስንቱን በሌላ መንገድ ማቆየት ይቻላል?

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ተጽፏል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ከተማ ሥራ አጥ ወጣቶች ጋር ረጅም ጊዜ አሳልፎ እ.ኤ.አ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገው “ተስፋ ቆረጠ” ከሚለው አነጋገራችን የተገኘ ቃል ነው። ወጣቶቹ የሚቸገሩት በባዶ ኪስ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። ያልተሞላ ጊዜ ሐሳብ ያበዛል፤ ሐሳብ ሲበዛ ደግሞ ጭንቀት ይከተላል። ይሉኝታም ሌላው ሸክም ነው። የተማረ ሰው በተወለደበት ከተማ፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሥራ መሥራት ይከብደዋል። ያንኑ ሥራ ማንም በማያውቀው አገር ቢሆን ላይከብደው ይችላል።

የገንዘቡ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከወረዳ ከተማ ወደ ዞን ዋና ከተማ ለምዝገባ የሚሄድ ወጣት የመኪና፣ የፎቶ ኮፒ፣ የምሳ፣ ፈተናው በማግስቱ ከሆነም የአልጋ ወጪ አለበት። ለአንድ ማመልከቻ የሚወጣው ብር ከቤተሰብ ኪስ ስለሚወጣ እያንዳንዱ ጉዞ ዕዳ ይሆናል። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚኖሩ ወጣቶች ላይ ባደረገው ጥናት ለተወሰኑት ወደ መሃል ከተማ የሚያደርሳቸውን የትራንስፖርት ወጪ ሸፈነላቸው። ድጋፉን ያላገኙት ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ፍለጋቸውን እየቀነሱ ሄዱ። ያገኙት ግን ፍለጋቸውን ይበልጥ ቀጠሉ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ አለ። ከውጭ ሲታይ “ፍላጎት አጣ” የሚባለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ያጣው የታክሲ ነው።

በዚያው ከተማ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁለት ዓይነት ድጋፍ አነጻጸረ። አንደኛው የትራንስፖርት ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው የግል ማኅደር አጻጻፍንና የቃለ መጠይቅ ዝግጅትን የሚያስተምር፣ ችሎታንም በፈተና መዝኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ነው። ሁለቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ መደበኛ ሥራ ለማግኘት ረድተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ገቢ ግን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሳይታክቱ ብዙ ማመልከቻ ከመበተን ይልቅ ያለውን አቅም ለቀጣሪ በሚገባ ማሳየቱ የበለጠ እንደሚያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለዛለ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው። በሳምንት አምስት ደካማ ማመልከቻ ከማስገባት ሁለት በሚገባ የተዘጋጀ ማስገባት አይከፋም።

ለፍለጋው ድንበር ማበጀት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ገጾችን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት መከታተል ትጋት ይመስላል፤ ሆኖም አእምሮ ለአፍታ እንኳ ከፍለጋው እንዳይወጣ ያደርገዋል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ማስታወቂያ ማየት፣ ማመልከቻ መጻፍና ደጅ መጥናት፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ማስቀመጥ የተሻለ ነው። በሬ እንኳ ቀንበር የሚፈታለት ሰዓት አለው። የሳምንቱ ግብም “ሥራ ማግኘት” መሆን የለበትም፤ እርሱ በቀጣሪው እጅ ነውና። “ሁለት ማመልከቻ አስገባለሁ፤ ለአንድ ቃለ መጠይቅ እዘጋጃለሁ፤ በሙያው የሚሠራ አንድ ሰው አነጋግራለሁ” የሚለው ግን በፈላጊው እጅ ያለ ስለሆነ ቅዳሜ ላይ ተፈጽሟል ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ውድቀትን አስቀድሞ መለማመድም ይረዳል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሥራ ፈላጊዎች ያዘጋጁት ሥልጠና አንዱ ክፍል ይኸው ነው። ሠልጣኞች በቡድን ተቀምጠው “ባልመረጥ ምን አደርጋለሁ?” ብለው ይነጋገራሉ፤ መልሳቸውንም አስቀድመው ያሰናዳሉ። በሥልጠናው ያለፉት ቶሎ ሥራ ማግኘታቸውና የድብርት ምልክታቸው መቀነሱ ታይቷል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ለድብርት ይበልጥ የተጋለጡት ነበሩ። ለዚህ የግድ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። አብረው የተመረቁ አራት ወይም አምስት ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ቡና እየጠጡ ማስታወቂያ ቢለዋወጡ፣ አንዱ ጠያቂ ሌላው ተጠያቂ ሆኖ ቢለማመዱ፣ የፎቶ ኮፒውን ወጪ ቢጋሩ ከያሆዳ አምስት ነገሮች ቢያንስ ሦስቱን መልሰው ያገኛሉ። ከተፎካካሪ ጋር መረጃ መካፈል ሞኝነት የሚመስለው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሌሎቹ የሚያውቁት ማስታወቂያም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ የጊዜያዊ ሥራ ጉዳይ ነው። የቀን ሥራ፣ የሱቅ ተላላኪነት ወይም በአባት ማሳ ላይ ማረስ ቀንን ይሞላል፤ ጥቂት ገንዘብም ያመጣል፤ ከሰውም ይቀላቅላል። በሌላ በኩል ፍለጋውን ሊበላው ይችላል። በፍራንክሊን ጥናት የትራንስፖርት ድጋፍ ያገኙት ወጣቶች ጊዜያዊ ሥራቸውን የቀነሱት ለዚህ ይመስላል። በገጠር ደግሞ የክረምቱ እርሻ የሚፋፋመው ሐምሌ 1 የመንግሥት አዲሱ በጀት ዓመት በሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ ልጁ ለማረም ሲጎነበስ ማስታወቂያ ያልፈዋል። መፍትሔው ሥራውን መናቅም፣ ፍለጋውን መተውም ሳይሆን ቀናቱን አስቀድሞ መከፋፈል ነው። ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ የፍለጋ ቀን እንደ ሆኑ ከቤተሰብ ጋር ከተስማሙ በእነዚያ ቀናት ማንም ወደ ማሳ አይጠራውም፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ “ዛሬ ለምን አልሄድክም?” ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም።

ለአንዳንዶች መጻፍ ጠቅሟል። ከሥራ በተቀነሱ መሐንዲሶች ላይ እ.ኤ.አ በ1994 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ የደረሰባቸውንና የተሰማቸውን ለተከታታይ ቀናት የጻፉት ካልጻፉት ይልቅ ፈጥነው ሥራ አግኝተዋል። ጽሑፉን ማንም እንዲያነብላቸው አላስፈለገም። ምሬቱን በወረቀት ላይ ያራገፈ ሰው ምሬቱን ይዞ ወደ ቃለ መጠይቅ አይገባም ይሆናል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። በየማታው “ዛሬስ ምን ተገኘ?” ብሎ መጠየቅ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ መልሱ ለመቶኛ ጊዜ “ምንም” ሲሆን ግን ልጁ ከጥያቄው ለመሸሽ ሲል አምሽቶ መግባት፣ ከማዕድ መቅረት ይጀምራል። “የእገሌ ልጅ እኮ ተቀጠረ” የሚለው ንጽጽርም የባሰ ያርቀዋል። ጥያቄው በሳምንት አንድ ቀን ቢሆንና “ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ያስፈልግሃል?” በሚል ቢቀየር ወጪውንም፣ ጊዜውንም፣ የሚያውቁት ሰው ካለም እርሱን ለመነጋገር መንገድ ይከፍታል። ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ስለሚወድቅ ሥራ የላትም ተብላ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች፤ ለፍለጋ የሚተርፋት ሰዓት ማታ ነው። ለእርሷ የሚያስፈልገው ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ወንድሞቿ የቤቱን ሥራ መጋራታቸው ነው።

ከዝለት የሚብስም አለ። ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚቆይ ሐዘን ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረን ነገር ሁሉ መጥላት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘልቅ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን ያለ መጠን መውቀስ ሲታከልበት ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። መጀመሪያ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄዶ ምልክቱን ሳይደብቁ መናገር ይቻላል፤ ባለሙያው ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልካል። “ብሞት ይሻለኛል” የሚል ቃል ከተሰማ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። ጫትና መጠጥ ለጊዜው ሐሳብን የሚያርቁ ቢመስሉም እንቅልፍን ስለሚያዛቡ ድብርቱን ያከብዱታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም የሥራ ቦታ አይፈጥርም። ለአንድ ቦታ መቶዎች በሚመዘገቡበት ገበያ ዘጠና ዘጠኙ የሚቀሩት ስላልተጉ አይደለም፤ ይህንንም ለልጁ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ግን ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። የተመዘገቡትን ስልክ ቁጥር ይዘዋል፤ ምርጫው ሲጠናቀቅ ላልተመረጡት “ቦታው ተይዟል” የሚል አጭር መልእክት መላክ ይችላሉ። መልእክቱ የደረሰው ወጣት ያንን ማመልከቻ ከልቡ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ውጤት ተለጥፎ እንደሆነ ለማየትም የመኪና ከፍሎ ዞን ድረስ አይመላለስም።